ባለቤቲቱ ሳትሞት የተቀበረው ሥጋ

ሐኪሟ «አባቴ፣ ያን ጊዜ የተሰጣችሁ ሰም የት አለ?» ብላ ስትጠይቀኝ ምንም አልደነገጥሁም። «ቤት ነዋ፤ ከሣጥኔ ውስጥ» አልኋት። እርግጠኛ ነበርሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ልጄ ጡቷን በቀዶ ሕክምና ስታስወጣ፣ ከእብጠቱ ቆርጠው የመረመሩትን ሥጋ በሰም ደፍነው፣ አውራ ጣት በምታህል የፕላስቲክ ዕቃ ከትተው፣ በፖስታ አድርገው ለእኔ ነው የሰጡኝ። ሦስት ናቸው። «አንድ ቀን ሊፈለግ ይችላል፤ ጠብቁት» ብለውኝ ነበር። እኔም ወስጄ ከክት ልብሴ ሥር አኖርሁት። ልጄ ከእኔ ዘንድ ከርማ፣ አገግማ ወደ አዘዞ ወደ ቤቷ ስትመለስ ፖስታው እዚያው ቀረ። ዳነች ብለን ነበራ፤ ማን ያስታውሰዋል?

ነሐሴ ላይ ማሳል ጀመረች። የክረምት ብርድ ነው አልን፤ ዝንጅብል አፈላንላት። መስከረም ጠብቶም ሳሉ አልተዋትም። ስትመረመር በሽታው ወደ ሳንባዋ ሄዷል ተባለ። እኔ ይህን የሰማሁ ቀን ከጎንደር ሆስፒታል በር እስከ ፒያሳ በእግሬ ወጥቼ፣ ለምን እንደወጣሁ ጠፍቶኝ ተመልሼ ወረድሁ። ከዚያ ወዲህ መቀመጥ የሚባል ነገር ከእኔ ራቀ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ልጄን ብታህል ነው። ሸጋ ልጅ ናት፣ ሰው አታንጓጥጥም። አዲስ ክኒን እንዳለ ነገረችን፤ በእርዳታ የሚመጣ፣ ግን ለሁሉም የማይሰጥ። ለምን ለሁሉም እንደማይሰጥ ስታስረዳኝ ዲኤንኤ አለች፣ ክር አለች፣ ክሩ በየቀኑ ይበጠሳል፣ በየቀኑም ይጠገናል አለች።

«ልጄ፣ እኔ ፊደል ቆጥሬ የተውሁ ሰው ነኝ። ቀስ በይልኝ» አልኋት።

ጥቂት አሰበችና፣ «ከየት ነው የሚመጡት?» አለችኝ።

«ከአምባ ጊዮርጊስ አለፍ ብሎ።»

«ክረምት ድልድይ ሲሰበርባችሁ በየት ትሻገራላችሁ?»

«በመልካው ነዋ! ውኃው ጎደል የሚልበት ቦታ አይጠፋም።»

«መልካውንም ደራሽ ውኃ ቢዘጋውስ?»

«ያን ጊዜማ የመጣው ሁሉ ከወዲያ ማዶ ይቀራል።»

«አዎ!» አለችና ጠረጴዛውን መታ አደረገችው። «አንዳንዱ ካንሰር ድልድዩ የተሰበረበት ነው። የተበጠሰ ክሩን በዋናው መንገድ መጠገን አይችልም፤ በመልካው እየተሻገረ ነው የሚኖር። ይህ ክኒን መልካውን ይዘጋበታል። የልጅዎ ጤነኛ ገላ ድልድይ ስላለው ይሻገራል፤ ካንሰሩ ይቀራል። ነገር ግን የእሷ ካንሰር ድልድዩ የተሰበረበት ዓይነት መሆኑን አስቀድመን ማወቅ አለብን። ካልሆነ ክኒኑ ያደክማታል እንጂ አይረዳትም።»

«በምን ይታወቃል?»

«በዚያ ሰም ውስጥ ባለው ሥጋ። ወደ ውጭ አገር እንልከዋለን። ከሳንባዋ አዲስ ቁራጭ መውሰድ አስበን ነበር፤ ያለበት ቦታ ትልቅ የደም ሥር አጠገብ ስለሆነ ያስፈራል። ሰሙ ካለ ግን አንነካትም።»

ከመነሣቴ በፊት፣ «በዘራችሁ በጡት የታመመ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። «የለም» አልኋት። እናቴ በምች እንደሞተች ነው የማውቀው።

ልጄ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኝ ነበር። «ምን አለችህ አባዬ?» አለችኝ።

«ድልድይሽ መሰበሩን ልታይ ነው።»

«ምነው፣ መንገድ ሥራ ገባች እንዴ?» አለችና ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ሄደ።

በዚያው ቀን ማኪና ይዤ ወጣሁ። አምባ ጊዮርጊስ ስወርድ ጀንበር ዘቅዘቅ ብላ ነበር፤ ከዚያ ወደ ቀዬዬ በእግር ነው። ሰው ሰላም ሲለኝ እየሄድሁ ነው የምመልሰው። «አያ፣ ምነው እንዲህ መገስገስ? ጅብ ያባርርዎታል?» አለኝ አንዱ ጎረቤት። ጅብ ቢያባርረኝ ኖሮ እንኳ ቆሜ ባወራሁት።

ገና ከመግባቴ ሣጥኔን ከፈትሁ። የክት ልብሴ አለ። ጋቢዬ አለ። የሟች ባለቤቴ ነጠላ አለ። ፖስታው የለም።

በአንድ ግቢ አብራኝ የምትኖር ታላቅ እኅቴ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ የእኔም የልጆቼም እናት እሷ ናት። እታለም ነው የምላት። ልጄ ከቀዶ ሕክምናው ተመልሳ ስትተኛ ያጠበቻት፣ ያጎረሰቻት፣ ቁስሏን ያየችላት እታለም ናት። ጓሮ ሆና ጎመን ትቀነጥሳለች።

«እታለም፣ ሣጥኔ ውስጥ ፖስታ ነበር።»

«የምን ፖስታ?»

«የልጅቱ።»

«እንጃ» አለችና ጎመኗን ቀጠለች። እታለም ቀና ሳትል «እንጃ» ካለች ታውቃለች ማለት ነው።

«አይጥ በልቶት ይሆን?» አልኋት ሆን ብዬ።

«አይጥማ አይበላውም!» አለች ቱግ ብላ። «አይጥ የልጄን ሥጋ እንዲበላ ነው እኔ በዚህ ቤት ያለሁት?»

«እንግዲያ የት አለ?»

«ከሚገባው ቦታ።»

«የሚገባው ቦታ የት ነው?»

«አፈር ነዋ! የሰው ሥጋ የሚገባው የት ነው? ከሱሪህ ሥር ነው?»

እኛ አገር ከሰው ገላ የወደቀ ነገር የትም አይጣልም። የሕፃን እንግዴ ልጅ ይቀበራል፤ የተላጨ ጠጉር ጉድጓድ ይገባል፤ ከመንደራችን አንድ ሰው እግሩን በመኪና አደጋ አጥቶ እግሩ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ደብሩ ግቢ ገብቷል፤ ሰውየው እስከ ዛሬ በምርኩዝ እየሄደ ይሳለመዋል። እታለም ያደረገችው እንግዳ ነገር አይደለም። ልጅቱ በሄደች በሳምንቱ ቤት ስትጠርግ፣ ሣጥኑን ስታናፍስ ፖስታውን አገኘችው። ከፍታ ስታይ ሰም፤ በሰሙ ውስጥ ነጣ ያለ የሥጋ ነቁጥ። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባት። «ሰም ያረፈበት ሥጋ ግንዝ ነው። ግንዝ ደግሞ ከቤት አይከርምም። አንተ ወንድ ነህ፤ አኑር ያሉህን ታኖራለህ» አለችኝ።

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ብነግርህ ትከለክለኝ ነበራ።»

ከእሷ ጎን መሬት ላይ ተቀመጥሁ፤ ተነሣሁ፤ እንደገና ተቀመጥሁ። ሐኪሟ ያለችኝን በሙሉ ነገርኋት፤ ድልድዩንም፣ መልካውንም፣ ክኒኑንም። እታለም የጎመኑን ቅጠል እንደያዘች ቀረች።

«ይወጣ ነው የምትለኝ?»

«ይወጣ።»

«የተቀበረ ይወጣል?»

«ልጅቱ እኮ አልሞተችም እታለም!»

«የተነሣን ቀን ጎድላ ትነሣ? ጌታ ሲጠራት ጡቷን የት ጣልሽው ቢላት?»

ይህን ስትለኝ እንባዋ መጣ። እኔም ክፉ መናገር አልሆነልኝም። ደግሞስ ምን እላታለሁ? እሷ የልጄን ጡት ከመቃብር ያስገባችው ከእኔ ይልቅ ሩቅ አስባላት ነው። እኔ የማስበው ለጥቅምትና ለኅዳር ነው።

በማግሥቱ ሲነጋ ሁለታችንም ወደ ደብሩ ወጣን። የንስሐ አባታችን ቅዳሴ አስወጥተው ከደጀ ሰላሙ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ነገሩን ነገርኋቸው። ቦታውን ለእታለም ያሳዩዋት እሳቸው ናቸውና ጥቂት ተሸማቀቁ።

«እኔ ፍትሐት አልፈታሁበትም» አሉ። «ቦታ ብቻ ነው ያመለከትሁ። ግን መቃብር እንዲህ በጠዋት መጥቶ የሚከፈት ጓዳ አይደለም።»

«አባ፣ ልጅቱ ቸግሯታል።»

ጢማቸውን ያሻሻሉ። እኔ ወዲያና ወዲህ እላለሁ። «ተቀመጥ እንጂ፤ ዓይኔን አዞርህብኝ» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ሥጋው የማን ነው?» አሉ።

«የልጄ ነዋ።»

«ልጅህ በሕይወት አለች?»

«አለች።»

«እንግዲያ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? አንተስ ምን አገባህ? ባለቤቲቱ ካለች ባለቤቲቱ ትጠየቅ!»

ስልክ የሚሠራው ከደብሩ ጀርባ ካለው የድንጋይ ካብ ላይ ብቻ ነው። ሦስት ሽማግሌዎች ተደጋግፈን ካቡ ላይ ወጣን። ደወልሁና ድምፁን ለሁላችን አደረግሁት።

«አባዬ! ሰሙን አገኘኸው?»

«የት እንዳለ አውቀናል።»

«የት ነው?»

እኔ አባን አየሁ፣ አባ እታለምን አዩ፣ እታለም መሬት መሬት አየች።

«ተቀብሯል» አልሁ።

ልብስ ከምትሰፋበት ቤት ጫጫታ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ሳቋ መጣ። «እኔ ሳልሞት ቀበራችሁኝ? ንፍሮስ ቀቅላችኋል? ማን ማን ለቅሶ መጣ?»

«አንቺ ልጅ፣ አታሟርቺ!» አለች እታለም ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ።

«አክስቴ፣ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ልጄ።»

«ለወዲያኛው ቀን አስበሽልኝ ነው፤ አውቃለሁ። እኔ ግን የቸገረኝ ይኸኛው ነው። አውጪኝ።»

እታለም ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ባለቤቲቱ ፈቅዳለች። መቆፈሪያ አምጡ» አሉ።

ሥራው እንዳሰብነው አልቀለለም። ከቀበረችው ወዲህ ሁለት ክረምት አልፎበታል፤ ሣሩ ጉልበት ደርሷል፤ ባለፈው ሰኔ ደግሞ ከጎኑ ሌላ መቃብር ተቆፍሮ አፈሩ ሁሉ እዚያ ላይ ተከምሯል። እታለም «ከእናታችን ግርጌ ነው» ትላለች፤ ግርጌውን ቆፈርን፣ የለም። «ወደ ጽድ ዛፉ ጠጋ በል» ትላለች፤ ጠጋ አልን፣ ሥር ብቻ ነው። ወገቤ ተቆረጠ። አባ መቆፈሪያውን ተቀብለውኝ እሳቸውም ሞከሩ። እኔ መቆፈሪያው አግኝቶ እንዳይሰብረው ስል በእጄ መጫር ጀመርሁ። ደግሞ ባናገኘውስ? አዘዞ ሄጄ ምን ብዬ ዓይኗን አያለሁ?

«ከእናታችን አጠገብ ለምን አደረግሽው? ባዶ ቦታ ሞልቶ!» አልኋት ሲመረኝ።

«እሷም በዚሁ ስለሄደች ነዋ» አለችኝ።

ቀና አልሁ። «በምኑ?»

«በጡቷ። ቆስሎ ነበር፤ ሸተተባት። ሰው እንዳያውቅባት አስማለችኝ። አንተ ልጅ ነበርህ፤ ምች ነው ተባልህ፤ እኔ ነኝ በጨርቅ የማስርላት የነበርሁ። ሰው ስታይ ነጠላዋን ታጣፋ ነበር። ለዚህ ነው እዚህ ያደረግሁት፤ አያትና የልጅ ልጅ ሕመማቸው አንድ ነው፤ አብረው ይሁኑ ብዬ።»

እጄ አፈር ውስጥ እንዳለ ቀረ። ሐኪሟ «በዘራችሁ አለ?» ስትለኝ «የለም» ያልሁት ትዝ አለኝ። ዕድሜዬን በሙሉ ስለ እናቴ የማውቀው አንድ ቃል ነበር፤ እሱም ውሸት ሆኖ ተገኘ። እታለምን ልቆጣት አፌን ከፈትሁ፤ ግን ያን ጊዜ እሷም ገና ጉብል ነበረች። ለእናቷ የማለችውን ስድሳ ዓመት ሙሉ ተሸክማ ለኖረች ሴት ምን ይባላል?

«ኧረ ቆፍሩ!» አሉ አባ። «ወሬው ቤት ይደርሳል።»

ያገኘችው እታለም ራሷ ናት። ከአዲሱ መቃብር አፈር ሥር አንዲት ትንሽ ምንቸት፤ አፏ በጭቃ የተመረገ። ሲከፈት የተጠቀለለበት ነጭ ጨርቅ በስብሶ እንደ ረጠበ አመድ ሆኗል። ሦስቱ የፕላስቲክ ዕቃዎች ግን አሉ። አንደኛው ተሰንጥቋል፤ ጉንዳን የገባበት ይመስላል። የሁለቱ ሰም ነጥቷል እንጂ ድፍን ነው። በጎናቸው በእርሳስ የተጻፈው ቁጥር አሁንም ይነበባል፤ አባ ናቸው ወደ ብርሃን አቅርበው ያነበቡት። እታለም እንደ ሕፃን በመዳፏ አቅፋ ይዛ፣ «ቀዝቅዛለች» አለች።

ለሐኪሟ ከካቡ ላይ ደወልሁ። «ከፀሐይና ከእሳት ያርቁት፤ ቶሎ ያምጡት» አለችኝ። ቶሎ! በማግሥቱ መንገድ ተዘጋ። በዚህ ዘመን መንገድ ይዘጋል፤ ለምን እንደተዘጋ የሚያውቅም የለም፣ መቼ እንደሚከፈት የሚናገርም የለም። ሰሙን እታለም ከውኃ ማድጋው ጎን፣ ቀዝቃዛው ጥግ አኖረችው። እኔ በየጠዋቱ ወደ አስፋልቱ እሄዳለሁ፤ ባዶውን መንገድ አይቼ እመለሳለሁ። ከሰዓት ደግሞ እሄዳለሁ። እዚያ ያሉ ልጆች፣ «አያ፣ አስፋልቱን ሊገዙት ነው?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። መንገዱ የተከፈተ ዕለት የመጀመሪያዋ ማኪና ድብ ባሕር ከሚባለው አገር እህል ጭና የመጣች አይሱዙ ነበረች፤ ከጆንያው ላይ ወጥቼ፣ ዕቃዎቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ከሆዴ ላይ አድርጌ፣ ጎንደር ገባሁ።

ሐኪሟ ተቀብላኝ አገላብጣ አየችው። አሸተተችውም። «አባቴ፣ ይኼ የት ነበር?»

«መሬት ውስጥ።»

«ወድቆ?»

«ተቀብሮ።»

መነጽሯን አወለቀች። እኔም ነገሩን ከሥሩ ነገርኋት፤ እታለምንም፣ ምንቸቱንም፣ አባንም። ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። «እኛ ስንሰጣችሁ ምን እንደሆነ በቅጡ አልነገርናችሁም» አለች። «ሰም ውኃ አያስገባም፤ ሥጋው ተርፎ ይሆናል። ግን ቃል አልገባልዎትም። ዲኤንኤው ተበጣጥሶ የማይነበብ ከሆነ ምርመራው መልስ አይሰጥም።» ስለ እናቴም ነገርኋት። ያን ስነግራት ጻፈች፤ «ይህ ትልቅ ነገር ነው» አለችኝ። «የመጠገኛው ጉድለት በዘር የሚወርድ ሊሆን ይችላል። እናትዎ ከነበረባቸው በእርስዎ አልፎ ለልጅዎ ደርሶ ይሆናል።»

በእኔ አልፎ። ይህን ቃል ከሆስፒታሉ ይዤው ወጣሁ። እኔ ጡት የለኝ፣ አላመመኝ፤ እንደ ማኪና ጭኜ አሳለፍሁት ማለት ነው?

ከዚያ ወዲያ መጠበቅ ሆነ። ሰሙ አዲስ አበባ ደረሰ ተባለ፤ ከዚያ ባሕር ተሻገረ ተባለ። እኔ አገሬ ገብቼ ገብስ አጨድሁ። ግን ማጨድ አይባልም፤ አንድ እጅ አጭጄ ቀና እላለሁ፣ ስልኬን አወጣለሁ፣ እዚያ እንደማይሠራ እያወቅሁ። አብረውኝ የሚያጭዱት ወንፈል የገቡ ጎረቤቶቼ ሲሰለቻቸው፣ «አያ፣ አንቱ ሂዱና ካቡ ላይ ተቀመጡ፤ እኛ እናጭድልዎታለን» አሉኝ። እውነትም ሄጄ ካቡ ላይ ተቀመጥሁ። ልጄ በየሁለት ቀኑ ትደውላለች። ድምፅዋ መሃል ላይ ይቆረጣል፤ ኔትወርኩ ይሁን ትንፋሿ አላውቅም። ልጠይቃት እፈልግና፣ «ብርዱ እንዴት ነው?» ብዬ እተወዋለሁ።

አንድ እሑድ አባ ከቅዳሴ በኋላ ያዙኝ። «ስለ ልጅህ ልጸልይ ነው። ምን ብዬ ልጸልይ?»

«ድልድዩ ተሰብሮ ይገኝ በሉልኝ።»

«እንዴ! ለልጅህ ጉድለት ይገኝባት ትላለህ?»

«ለእሷ አይደለም አባ፤ ለካንሰሩ።»

«ካንሰሩስ የማን ገላ ነው?»

ይህንኑ እኔም በልቤ ስፈጭ ነው የከረምሁት። አንድ አባት ልጁ ሙሉ እንድትሆን ነው የሚለምን። እኔ ደግሞ ሌት ተቀን ጎድሎ ይገኝ፣ ተበላሽቶ ይገኝ እያልሁ ነው። ደግሞ ተሰብሮ ከተገኘ ከእናቴ በእኔ የመጣ ሊሆን ነው፤ ለሌሎቹ ልጆቼም ይተርፋል። ሳይሰበር ከተገኘ ዘሬ ነፃ ነው፤ ልጄ ግን ክኒን የላትም። ከሁለቱ የቱን ልመኝ? ሰው እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይመኛል? እኔ ግን መረጥሁ፤ ተሰብሮ ይገኝ አልሁ። የታመመችው እሷ ናትና።

አባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዲህ ያለ ጸሎት አላውቅም። ፈቃድህ ይሁን እላለሁ። እሱ የሚሰበረውን ያውቃል።»

ታኅሣሥ ላይ አውድማ ላይ ነበርን፤ በሬዎቹ እየዞሩ ገብሱን ያበራያሉ። ከካቡ በኩል የአባ ዲያቆን እየሮጠ መጣ፤ ልጄ እኔን ስታጣ ለአባ ደውላ ኖሯል። መንሹን ጥዬ ሄድሁ። ሮጬም ይሁን በእርምጃ አላውቅም።

«አባዬ፣ መጣ።»

«ምን አለ?»

«የተሰነጠቀው አልሠራም። ከቀሩት ሁለቱ አንደኛው አልተነበበም። ሁለተኛው ግን ተነቧል።»

«እሺ፣ ምን አለ?»

«ተሰብሯል አባዬ። ካንሰሩ መጠገኛ የለውም። ክኒኑን ሰኞ እጀምራለሁ።»

ከኋላዬ እታለም ተከትላኝ ኖራ፣ «ምን አሉ? ምን አሉ?» ትላለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

«ተሰብሯል!»

«እልልልል!» አለች። ሰባ አምስት ዓመት ያለፋት ሴት፣ የመቃብር ቦታ ካብ ላይ ቆማ። አውድማው ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ ዞሩ። ስንመለስ አንዱ፣ «አያ፣ ምን ተገኘ?» አለኝ።

«የልጄ ካንሰር ተሰብሮ ተገኘ።»

«ዳነች በሉኛ!»

«አይ፣ ገና ነው። መድኃኒቱ ሊስማማት ይችላል ነው የተባለ።»

«እና እልልታው ለምንድን ነው?»

እታለም ዞር ብላ፣ «አንተ በሬህን ንዳ! የማይገባህን ምን ትጠይቃለህ?» አለችው።

ክኒኑን ከጀመረች ወዲህ አዘዞ ከእሷ ዘንድ ነው ያለሁት። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያስመልሳት ነበር፤ ደሟም ወረደ ተብሎ ጥቂት ቀን አቋርጣ እንደገና ቀጠለች። አሁን ሳሉ ቀንሷል። ሐኪሟ ግን፣ «ከፋሲካ በፊት ሳንባዋን እንደገና ፎቶ አንሥተን እናያለን፤ እስከዚያ ምንም አልልም» ብላናለች። እንዲህ የምትለው ስለማትዋሽ ነው፤ ያም ሆኖ ብትዋሸኝ ደስ ይለኝ ነበር።

የእታለምንና የእኔን ደምም ለምርመራ ፈልጋ ነበር። እታለም መጀመሪያ፣ «እኔ አሮጊት፣ ምን ሊያደርግልኝ?» ብላ እምቢ አለች። ልጄ ደውላ፣ «ለሴት ልጄ ነው አክስቴ፤ አድጋ እንድትጠነቀቅ» ስትላት በሳምንቱ ጫማዋን አድርጋ፣ በሕይወቷ ለሁለተኛ ጊዜ ጎንደር ወረደች። ስለ እናታችን ሐኪሟ ስትጠይቃት ነጠላዋን እያጣጠፈች፣ እየፈታች፣ አንድ ሳታስቀር ተናገረች። ስትጨርስ፣ «መሐላዬን አፈረስሁ» አለችኝ ደጅ ስንወጣ። «እናቴ ትቀየመኝ ይሆን?» እኔም፣ «የልጅ ልጇን አይታ ብትቀየምሽ እኔ እጠየቅልሻለሁ» አልኋት። የደማችን መልስ ገና አልመጣም።

ልጄ ትናንት ወደ ስፌቷ ተመለሰች። የሠርግ ልብስ ይዛለች፤ ባለ ሠርጎቹ ቸኩለዋል። እኔ ከበሩ ውጭ በርጩማ ላይ ተቀምጬ የመንገዱን ሚኒባስ አያለሁ፤ ጆሮዬ ግን ውስጥ ነው። የስፌት መኪናዋ ሲንቀሳቀስ፣ እግሯ ሲረግጠው እሰማለሁ። ድምፁ ሲቆም እነሣለሁ። ዛሬ ጠዋት ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ ድምፁ ቆመ፤ ተነሥቼ አንገቴን አስገባሁ።

«አባዬ፣ ቁልፍ እየተከልሁ ነው፤ ተቀመጥ» አለችኝ ቀና ሳትል።

ተቀመጥሁ። መኪናው እስኪቀጥል ድረስ ግን ሚኒባሶቹን አላየኋቸውም።